«ዕፁ የታለ?» ለካውንቲያችን የአደንዛዥ ዕፅ መከላከል ሥልጠና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለምንኖርበት ካውንቲ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከል ሥልጠና ክፍል
ይድረስ፦ ለካውንቲው የፖሊስ አሠልጣኞች
ግልባጭ፦ በሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሻ ወላጆች በሙሉ

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም፤

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍላችሁ እንግሊዝኛ ስለማልችል አይደለም። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሜ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩት በየማስታወቂያችሁ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «አስተርጓሚ ካስፈለገዎ እናቀርባለን» የምትል መስመር ስለማይ ነው። ዛሬ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው። አቅርቡና አስነብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሚያዝያ፣ ማክሰኞ ማታ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ለወላጆች ባዘጋጃችሁት ሥልጠና ላይ እንድተረጉም ተጠራሁ። አርባ ወንበር ተደርድሯል፤ የመጣው ዘጠኝ ሰው ነው። አንደኛው አባት ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም። አሠልጣኙ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ጨዋ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው የሚያከብር። ስለ አደንዛዥ ዕፅ መናገር ሲጀምር እኔም «አደንዛዥ ዕፅ» እያልኩ ተከተልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ሬዲዮውም አዋጁም የሚለው እሱን ነው። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው ላይ አንዲት ክብ ሰማያዊ ክኒን አሳየን፤ በአንድ በኩል ኤም የሚል ፊደል፣ በሌላው በኩል 30 የሚል ቁጥር ታትሞባታል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉና፦

«የኔ ልጅ፣ ይሄማ ክኒን ነው። ዕፁ የታለ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ተረጎምኩለት። ፈገግ ብሎ «እሱ ነው ዕፁ» አለና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ዕፅ በግዕዝ ዛፍ፣ እንጨት፣ ተክል ማለት ነው። አዳምና ሔዋን የበሉት ዕፀ በለስ ነው፤ ሙሴ እሳት ሲነድበት ሳይቃጠል ያየው ዕፀ ጳጦስ ነው። «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ቅጠል ነው፤ የሚጨስ፣ የሚሸት፣ ዓይን የሚያቀላ ነገር። ክኒን ግን በእኛ ቤት ከመድኃኒት ወገን ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ከመዳን የመጣ ቃል ነው፤ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ አሠልጣኛችሁ በእንግሊዝኛ ያስጠነቀቀውን እኔ በአማርኛ ሳስተላልፈው ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ቃሌ ትክክል ነበር። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ አልሳሳትም። ወላጆቹ የሄዱት ግን ጭስ ፍለጋ ነው።

እኚያ እናት በኋላ በር ላይ አጫወቱኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ጃኬት ሲያሸቱ ኖረዋል። አንድ ቀን መሳቢያው ውስጥ በፌስታል የተቋጠረች ክኒን አግኝተው የራስ ምታት መስሏቸው እንዳይጠፋበት ብለው መልሰው አስቀምጠውለታል። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፤ በምን እንደተረፈ እናቱም እኔም አናውቅም።

ይህን ስታነቡ «እንዴት አንዲት እናት ይህን አታውቅም?» እንዳትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ክፈቱት፦ ታይለኖል፣ አድቪል፣ ቫይታሚን፣ ከባለፈው ጉንፋን የተረፈ አሞክሲሲሊን። ለቅሶ ቤት «ራሴን አመመኝ» በሉ፤ ሦስት ሴቶች ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። ክኒን መስጠት በእኛ ዘንድ ደግነት ነው። ልጆቻችን ይህን እያዩ አድገዋል፤ ጓደኛቸው «ፐርኮሴት ነው፣ ያረጋጋሃል» ብሎ ግማሽ ክኒን ሲሰጣቸው ያ ደግነት ነው የሚመስላቸው። በስናፕቻት የሚሸጠው ያ ሰማያዊ ክኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ለሕመም የሚያዛቸው ፐርኮሴትም ኦክሲኮዶንም አይደለም፤ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ማደንዘዣ የተቀላቀለበት፣ አስመስሎ የተጨመቀ ዱቄት ነው። የፌዴራሉ ፀረ አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ እንዲህ ያለ ክኒን ይዟል፤ በዚያው ዓመት ቤተ ሙከራው ከመረመራቸው 10 ክኒኖች 7ቱ ሰው ሊገድል የሚችል መጠን ነበረባቸው። ገዳዩ መጠን 2 ሚሊግራም ነው፤ ጥቂት የገበታ ጨው ቅንጣት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ስላይዳችሁ ላይ አለ፤ በደንብ ተሠርቷል፤ አልነቅፈውም።

የምነቅፈው ሌላውን ቃል ነው። «ኦቨርዶዝ»ን በአማርኛ «ከመጠን በላይ መውሰድ» ብላችሁ በወረቀት አትማችሁታል። የቃሉን ክፋት እዩልኝ። ከመጠን በላይ የወሰደ ልጅ ሆዳም ነው፣ ሱሰኛ ነው፣ ወይም ራሱን ሊያጠፋ የፈለገ ነው፤ «የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ብላ እናት ትደመድማለች። ግማሽ ክኒን የዋጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከምን መጠን በላይ ነው የወሰደው? «ተመረዘ» በሉት። መርዝን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የተመረዘ ሰው ይታዘንለታል፣ ይሮጥለታል፣ አይደበቅም።

ይህን የምለው ቃላት ስለምወድ ብቻ አይደለም (እወዳለሁ፤ የሥራ ጠባይ ነው)። በ2023 ጥቅምት በላውደን ካውንቲ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተከታትለው ተመርዘው ከወደቁ በኋላ በወቅቱ የቨርጂኒያ ገዢ የነበሩት ግሌን ያንግኪን በኅዳር መባቻ ትእዛዝ አውጥተዋል፤ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ወላጆች በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነገራቸው። መልካም ትእዛዝ ነው። እኔ የማውቀው አንድ አባት ግን ከልጁ ትምህርት ቤት የመጣችውን ኢሜይል ለአራት ቀን ሳይከፍት ይዟት ዞረ፤ የክፍያ ማስታወሻ መስላዋለች። ተከፍታ ሲተረጎምለትም «ከመጠን በላይ» የሚለው ላይ ሲደርስ «የእኛ ልጆች አይደሉም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ፤ ሰው የሚድንበትም የሚሞትበትም እዚህ ላይ ነውና። ስላይዳችሁ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላል። የማን ከንፈር? በእኛ ቆዳ ላይ ሰማያዊ አትጠብቁ። አመድ የመሰለ፣ ግራጫ የሆነ ነገር ነው የሚታየው፤ እሱም በከንፈር ውስጠኛው ክፍልና በጥፍር ሥር ነው። ይህን በክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ እኔም አስተርጓሚ ስለሆንኩ ከራሴ መጨመር አይፈቀድልኝም፤ ተናጋሪው ያላለውን አልልም። ምላሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ግን በራሴ ድምፅ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛው ማንኮራፋቱ ነው። ፌንታኒል እስትንፋስን ነው የሚዘጋው፤ ልጁ ከመሞቱ በፊት ከጉሮሮው እንደ ከባድ ማንኮራፋት፣ እንደ ውኃ መንተክተክ ያለ ድምፅ ሊወጣ ይችላል። የሐበሻ ቤት ደግሞ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። «ደክሞት ነው፤ ይተኛ፤ ድምፅ ቀንሱ» ብለን በሩን ገርበብ አድርገን ነው የምንወጣው፤ ብርድ ልብስ ደርበንለት። አሠልጣኙ ስለ ማንኮራፋት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አለፈ። አንድ ሰዓት ቢናገርበት ደስ ባለኝ። ወላጆች፣ ግልባጩ ለእናንተ ነውና፦ ከወትሮው በተለየ የሚያንኮራፋ ልጅ ካያችሁ ቀስቅሱት፤ ስሙን ጠርታችሁ ጩኹበት፤ የደረቱን መካከለኛ አጥንት በእጃችሁ አንጓ አጥብቃችሁ እሹት። ካልነቃ 911 ደውሉ፤ ናርካን (የፌንታኒልን ሥራ የሚያከሽፍ የአፍንጫ መርጫ መድኃኒት) በአንድ አፍንጫው ርጩ፤ ካልተነፈሰ ትንፋሽ ስጡት፤ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ። ቢነቃም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የናርካን ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ መርዙ ከዚያ በኋላም ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ልጁ የወሰደው ሌላ ነገር ቢሆን እንኳ ናርካን አይጎዳውም።

ለፖሊስ አሠልጣኞች ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ፌንታኒልን በእጅ መንካት ይጥላል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ዲኢኤ ራሱ በ2016 ለፖሊሶች ባሠራጨው ማስጠንቀቂያ ነው የነገሠው። የመርዝ ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 በጋራ ባወጡት መግለጫ አንድ የሕግ አስከባሪ በአጋጣሚ በመንካት ብቻ ሊመረዝ የሚችልበት ዕድል እጅግ ዝቅተኛ እንደሆነ ጽፈዋል። ወሬው ግን በእናንተ ሥልጠና በኩል ወደ እኛ ሰፈር ገብቷል። በዚያ ማታ የፓርኪንግ ዩኒፎርም የለበሰው አባት የጠየቀው ብቸኛ ጥያቄ «ልጄን ብነካው እኔም እሞታለሁ ወይ?» የሚል ነበር። መልሱ «ጓንት ያድርጉ» የሚል ሆነ። ጓንት ማድረግ አይከፋም፤ ግን ሰውየው ይዞት የሄደው «አትንካው» የሚለውን ነው። አእምሮ አየር ሲያጣ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፤ አባት በዚያ ደቂቃ ጓንት ፍለጋ ኩሽና እንዲገባ አትፈልጉም።

ሁለተኛው በር አንኳኩታችሁ ከገባችሁ በኋላ የሚሆነው ነው። ቤት ውስጥ እናት ትጮኻለች፣ አክስት ደረቷን ትመታለች፣ ጎረቤት ገብቷል። ይህ ጠብ አይደለም፤ ሐዘን በእኛ ዘንድ ድምፅ አለው። እንግዲህ በዚያ ግርግር መሐል እንግሊዝኛ የምትችል አንዲት ሰው ትገኛለች፦ የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ። «ምን ወሰደ? መቼ? ከማን ገዛ?» እያላችሁ በእሷ በኩል ትጠይቃላችሁ። በዚህ ሥራ ከሠራሁባቸው ዓመታት የማልረሳው ፊት የእንዲህ ያለች ልጅ ፊት ነው፤ በኋላ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «ቃሉን ስለማላውቀው ይሆን?» ብላኛለች። የስልክ አስተርጓሚ አላችሁ፤ በኪሳችሁ ነው ያለው። ተጠቀሙበት።

መኮንኖቻችሁ ለሥልጠና ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ፎርት ኢንዲያንታውን ጋፕ፣ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ናሽናል ጋርድ እዚያ፣ በአዮዋ ካምፕ ዶጅ፣ በሚሲሲፒ ሜሪድያን የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ማሠልጠኛ አለው፤ ለፖሊስም ለማኅበረሰብ ቡድኖችም በነፃ ነው የሚሰጠው። የግብር ከፋይ ገንዘብ ነው፤ ታክሲ ነጂውም እዚያ ውስጥ አለበት። ፎርት ኢንዲያንታውን ጋፕ ከኛ ሰፈር በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ቤት ፍተሻ፣ ምርመራ፣ መኪና ማስቆም ትለማመዳላችሁ። በልምምዱ አንድ ቀን እንግሊዝኛ የማትናገር እናት ትኑርበት። እኔ እመጣለሁ፤ መጮኽም እችላለሁ።

ስለ ሕጉም ሳታለባብሱ ንገሩን። ቨርጂኒያ ከ2015 ጀምሮ ለተመረዘ ሰው እርዳታ የሚጠራን የሚከላከል ሕግ አላት፤ በ2020 ተሻሽሎ ደዋዩንም የወደቀውንም ለራስ መጠቀሚያ በመያዝ ብቻ ከመታሰርና ከመከሰስ ይጠብቃል፤ ደዋዩ ፖሊስ እስኪመጣ ቆይቶ ማንነቱን ከነገረ። ይህን ስትነግሩን ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን በልቡ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ግሪን ካርዴስ?» ይህ የስቴት ሕግ ነው፤ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ሕግ አይነካም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከሚባረርባቸው ምክንያቶች አንዱ በአደንዛዥ ዕፅ ጥፋተኛ መባል ነው፤ ጥቂት ማሪዋና ለራሱ ይዞ ለአንድ ጊዜ ከመገኘት በቀር። እውነቱን ተናገሩት፤ ጠበቃ ይዛችሁ ኑ። ግማሹን ከደበቃችሁት ግማሹም አይታመንም፤ ያላመነ ሰው ደግሞ 911 ከመደወሉ በፊት ለአጎቱ ይደውላል።

በነገራችን ላይ የጫቱን ስላይድ ብትቀንሱት። ሐበሻ ባለበት አዳራሽ ሁሉ የሚመጣ ስላይድ ነው፤ የጫት እሽግ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ «ግራባ» የሚል ስም ተጽፎበት። ገረባ በእኛ አገር ቃሚው የሚጥለው ውራጅ ነው፤ እዚህ ደርቆ በፖስታ እንደ ዋናው ሲሸጥ ሳይ መሳቄ አልቀረም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በዚህ አገር ከሄሮይን ጎን በአንደኛው መደብ የተመዘገበ ነው፤ ሰዎች ታስረውበታል፤ ወላጆች ይወቁት፤ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የእኛን ልጆች ፊት ለፊት የሚጠብቃቸው ግን ያ ሰማያዊ ክኒን ነው፤ ክኒኑ ደግሞ የሰው አገር አይጠይቅም።

ፖሊስ መድረክ ላይ ቆሞ ማስፈራራቱን ከዚህ በፊት ሞክራችሁታል። ፖሊስ በየክፍሉ እየገባ የሚያስተምርበት ዴር የሚባለው ፕሮግራም በ1983 በሎስ አንጀለስ ተጀምሮ አገር አዳረሰ፤ ቲሸርቱን እዚህ የተማሩ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን አይቶ ፕሮግራሙን በወሰዱና ባልወሰዱ ልጆች መካከል በአጠቃቀም የጎላ ልዩነት እንዳልተገኘ ጻፈ። በኋላ ራሳቸውም ሥርዓተ ትምህርቱን ቀየሩት። ማክሰኞ ማታ በስላይድ የምታሳዩን ለወላጅ የተቀየረ ያው ንግግር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማክሰኞ ማታ ተዉት። የእኛ ሰው ማክሰኞ ማታ ሥራ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ሥራው ላይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቷል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ሞልቷል። በደለስና በሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ላይ ደግሞ አባቶች ተራ እስኪደርሳቸው ዳማ እየተጫወቱ ይቀመጣሉ። እዚያ ሂዱ፤ ስላይድ አትያዙ፤ መለማመጃ መርጫ ያዙ። (ናርካኑን በክረምት ብርድና በበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ እንዳይተዉትም ንገሯቸው፤ ይተዉታል።)

እድራችን አለ። እድር እዚህ አገር አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመሸኘት ሲሰበሰብ አይቻለሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ብሩ ሞልቶ። ወጣት ልጅ ሲሞት ግን ከመድረኩ የሚነበበው «በድንገተኛ ሕመም» የሚል ነው። ቤተሰቡን አልፈርድበትም። ነገር ግን አምስት ቤት «በድንገተኛ ሕመም» ሲባል ስድስተኛው ቤት ምን እንደመጣበት በምን ያውቃል? የእድር ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ስጡን፤ ከወርኃዊ መዋጮው በፊት፣ ሰው ሳይበተን። ለዚህ ገንዘብም መንገድ አለ፦ በ1997 የወጣው ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዱ ማኅበረሰቦች ሕግ በዓመት እስከ 125 ሺህ ዶላር ለማኅበረሰብ ጥምረቶች ይሰጣል፤ ጥምረቱ ውስጥ ወላጅ፣ ወጣት፣ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ የእምነት ተቋም፣ መገናኛ ብዙኃን እንዲኖሩ ያዛል። ከዝርዝሩ እኛ የሚጎድለን ፖሊስ ብቻ ነው።

ጽሑፉን ደግሞ ተርጉማችሁ አታምጡልን። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያወጡት የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 መሻሩን አውቃለሁ፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አለ። ከፖቶማክ ማዶ ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ይቀላል። አንዲት እናት፣ አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንዲት እዚህ ያደገች ነርስ፣ ሦስት ቅዳሜ ከእናንተ ጋር ይቀመጡ፤ የሰዓታቸውን ክፈሏቸው፤ ጽሑፉን ከባዶ ወረቀት በአማርኛ ይጻፉት። ከዚያ ከፈለጋችሁ እናንተ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት።

በአገሪቱ ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100 ሺህ ሰው በላይ በአደንዛዥ ነገር ሞቷል፤ በ2024 ወደ 80 ሺህ ገደማ ወርዷል። ከወረደበት ምክንያት አንዱ ናርካን በየሰው እጅ መግባቱ እንደሆነ ብዙ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ከ2023 መስከረም ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፋርማሲ ይሸጣል፤ ለሽያጭ ሲወጣ ሁለት መርጫ የያዘው ካርቶን 45 ዶላር ገደማ ነበር። እናንተ ደግሞ በነፃ ትሰጣላችሁ፤ በዚያ ማታም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለመውሰድ ግን በስልክ በእንግሊዝኛ ፎርም መሙላት፣ ኢሜይል ማስገባት፣ አጭር ቪዲዮ ማየት ያስፈልግ ነበር። «ዕፁ የታለ?» ያሉት እናት ኢሜይል የላቸውም። ካርቶኑን እያዩ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በማግሥቱ ከፋርማሲ ገዝቼ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ቡና አፈሉ። መርጫውን አንስተው እንደ ዓይን ጠብታ ወደ ብርሃን አዩት፣ ሊሞክሩትም አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ እጃቸውን ያዝኩ። መመሪያው «ፕራይም አታድርግ» ይላል። ማርከር አምጥቼ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው፦ «አይሞክሩት። አንዴ ብቻ ነው የሚረጨው።» አንብበው ከጠበሉ ጠርሙስ ጎን አስቀመጡት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት የአማርኛ አስተርጓሚ
ሰሜን ቨርጂኒያ